ዋጋ የለውም ተብሎ ስለ ተጻፈ ሣጥን



ባለፈው ክረምት በለገጣፎ የአንድ አረጋዊ ውርስ ሲጣራ የንብረቱን ዝርዝር ገልብጦ በመዝገብ ማስፈር የእኔ ፈንታ ሆነ። የችሎት ጸሐፊ ሥራው ይኸው ነው፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደክሞ ያፈራውን ዕቃ ተራ ቍጥር እየሰጡ በአንድ ገጽ ላይ መደርደር። አልጋ ከነፍራሹ፣ ቁም ሣጥን፣ ምንጣፍ፣ ብረት ድስት እያልሁ ስወርድ በተራ ቍጥር 31 ላይ እንዲህ የሚል ቃል አገኘሁ፤ «አንድ የእንጨት ሣጥን፤ በውስጡ አሮጌ ሸክላና ልዩ ልዩ ወረቀት ያለበት፤ ዋጋ የለውም»። ይህን ያስጻፈው የበኵር ልጃቸው ነው። ታናሽ እኅቱ ግን ከዝርዝሩ ግርጌ «በ31ኛው አልስማማም» ብላ ፈርማበታለች። ወራሾች በቤትና በቦታ፣ በከብትና በወርቅ ሲካሰሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ዋጋ የለውም በተባለ ነገር ሲለያዩ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው። ዳኛውም ሣጥኑ ወራሾቹ ባሉበት ተከፍቶ ይቈጠር ብለው ስላዘዙ ቈጠራው በእኔ እጅ ወደቀ።

ሟቹ በወጣትነታቸው ጊዜ በአንድ የሠራዊት ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ የነበሩ፣ ኋላም በሌላ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ፒያሳ ነበረ። በ2024 የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ የሸክላው ነገር ከውጭ ሀገር ታሪክ ጋር የተቀላቀለ ስለ ሆነ ነው) ዕቃቸውን ጭነው ወደ ለገጣፎ ወደ በኵር ልጃቸው ቤት መጡ። ለገጣፎ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ አሁን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለች ስትሆን፣ ከመሐል ከተማ ለሚነሣ ቤተሰብ ሁሉ ማረፊያ ሆናለች። ቤት በሚለወጥበት ቀን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣለው ወረቀት ነው። ያ ሣጥን ከመኪናው ላይ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ የተጫነው አረጋዊው አጠገቡ ቆመው ስላልሄዱ ብቻ ነው ብላ ታናሺቱ ነገረችኝ።

ሣጥኑን በከፈትነው ጊዜ አርባ ስድስት ትንንሽ ሸክላ፣ ሦስት ትልልቅ ሸክላ፣ በካርቶን የተደረደረ ብዙ ካሴት፣ መርፌ የሌለው አንድ ማጫወቻ፣ በሲባጎ የታሰረም አንድ ጥቅል የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ወጣ። በኵሩ «ጋሼ ጸሐፊ፤ እንግዲህ በዓይንዎ ይዩት፤ ይህን ማን ይገዛዋል?» አለኝ። እኔም በመዝገብ የሚሰፍረው ዋጋው ብቻ እንዳልሆነ ነግሬው ሲባጎውን ፈታሁ።

ጋዜጣው «ኒው ሙዚካል ኤክስፕረስ» የሚባል የለንደን ሳምንታዊ ነው። የሟቹ ወንድም እንግሊዝ ሀገር ሲማር በፖስታ ይልክላቸው ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት እንግሊዝኛ ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ የሚበቃ አይደለም፤ ጸሐፊዎቹ የሚቀልዱበትን ከሚያመሰግኑበት መለየት ያስቸግራል። ነገር ግን ስለዚህ ጋዜጣ ጥቂት ልንገራችሁ፤ አረጋዊው ስለ ምን እንዳስቀመጡት የሚታወቀው ከዚያ ነውና።

በለንደን ስለ ባንድና ስለ ሸክላ የሚጽፍ ጋዜጣ አሮጌ ነገር ነው። «ሜሎዲ ሜከር» የተባለው በ1926 ተመሠረተ፤ እርሱም በተለይ ለተጫዋቾች የቆመ ስለ ነበረ ማን ከየትኛው ባንድ እንደ ወጣ፣ የትኛው ባንድ ትራምፔት ነፊ እንደሚፈልግ ሳይቀር ይታተምበት ነበር። «ኒው ሙዚካል ኤክስፕረስ» በ1952 ተከተለ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ለሸክላ ሻጮች በስልክ እየደወለ በሳምንቱ ከሁሉ በላይ የተሸጠውን ሸክላ በተራ ማተም ጀመረ፤ በእንግሊዝ ሀገር በሽያጭ ቈጠራ ላይ የተመሠረተው የመጀመሪያው ዝርዝር ይኸው ነው። በ1964 በየሳምንቱ ከ300,000 ቅጅ በላይ ይሸጥ ነበር። በ1972 ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ብርቱ ብዕር ያላቸው ወጣቶች ገብተው አዳኑት። ኋላ ግን ዘፈኑም ወሬውም በየሰዉ እጅ ባለው ስልክ ውስጥ ሲገባ ገዢው እያነሰ ሄደ። «ሜሎዲ ሜከር» በ2000 መጨረሻ ከእርሱ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ጠፋ። እርሱም በ2015 በነጻ ይታደል ጀመር፤ በማርች 2018 ሳምንታዊ እትሙ ቆመ። ከ2023 ወዲህ በሁለት ወር አንድ ጊዜ በጥቂት ቅጅ በወረቀት ተመልሷል፤ የቀድሞው ሳምንታዊ ግን አይደለም። በእኔ አሳብ ጋዜጣው የወደቀው በተዘጋበት ቀን ሳይሆን በነጻ መታደል በጀመረበት ቀን ነው። ሰው ገንዘብ አውጥቶ የገዛውን ወረቀት በሣጥን ያኖራል፤ በመንገድ ላይ የሰጡትን ግን በሚቀጥለው መንገድ ላይ ይጥለዋል።

እነዚህ ጋዜጦች ብዙ ከንቱ ወሬም ጽፈዋል። ቢሆንም አንድ ትልቅ ሥራ ሠሩ፤ ስም መዘገቡ። ዘፋኙን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ከኋላው ሆኖ የነፋውን፣ የመታውን፣ ዜማውን ያቀናበረውን ግን የሚያውቀው ወረቀት ብቻ ነው። አረጋዊው ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም፤ በብዙው ገጽ ላይ የትራምፔት ነፊዎች ስም በእርሳስ ተሠምሮበታል።

የእኛ ሀገር ነገር ሌላ ነው። በጋዜጦቻችን የሙዚቃ ወሬ ከሌላው ወሬ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ዓምድ ጥግ ይወጣ ነበር እንጂ ተጫዋቹን ሁሉ በስሙ እየጠራ በየሳምንቱ የሚመዘግብ ጸሐፊ አልነበረውም። ይህ ጽሑፍ ስለሌለን የመጣ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜም ቢሆን የተቀመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዓፄ ገላውዴዎስ ዘመን እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሩት የሚባለው ምልክት በድጓው ፊደል ራስ ላይ ተጽፎ ዜማውን እስከ ዛሬ ያቆየዋል። ድጓ የተማረ ሰውም ቤተ ልሔም ወርዶ ሲያስመሰክር መምህሩ ማን እንደ ነበረ ይጠየቃል። ማን ከማን ተማረ፣ ይህ ስልት የማን ነው የሚለው ነገር በቤተ ክርስቲያን ቸል አይባልም። የአዝማሪውና የባንዱ ዜማ ግን ምልክትም ምስክርም ሳይኖረው ከጆሮ ወደ ጆሮ ሄደ።

ለእርሱ የጋዜጣውን ቦታ የያዘለት የሸክላው ሽፋን ነው። በሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ፣ የዘፈኑ ስም፣ የአጃቢው ባንድ ስም፣ የአሳታሚው ቍጥር ይታተማል፤ አንዳንድ ጊዜም በጀርባው በደቂቅ ፊደል ዜማው የማን፣ ግጥሙ የማን እንደ ሆነ ይነገራል። ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሌላ አልነበረም።

የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ ላይ የተቀረጸው ዘግይቶ አይደለም፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በበርሊን ዘፍነው አስቀርጸዋል። በሀገር ውስጥ ግን ነገሩ ለረጅም ጊዜ በአንድ እጅ ተይዞ ነበር። በ1948 በወጣው ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በ1960ዎቹ ዓመታት የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች፣ የየሆቴሉም ባንድ፣ አዲስ አበባን በአዲስ ዜማ ሲሞሏት ሸክላ የሚያወጣላቸው ሰው እምብዛም አልተገኘም። በዚህ ጊዜ አምኃ እሸቴ የሚባል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ የድንጋጌውን ክልከላ እያወቀ በ1969 በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነበረ። ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ በሀገር ውስጥ ስላልነበረ የተቀረጸው ድምፅ ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ታትሞ ይመለስ ነበር። ሕግ ጠባቂ ሆኜ ሳለሁ ሕግ የተላለፈን ሰው ማመስገን ይከብደኛል፤ ሆኖም አምኃ ያንን ባያደርግ ከሣጥኑ የወጣው ሸክላ እኩሌታው አይኖርም ነበር። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላና 12 ትልልቅ ሸክላ አወጣ፤ ማሕሙድ አሕመድ፣ ግርማ በየነ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በእርሱ ስም ታትመዋል። ሌሎችም ተከተሉት፤ ፊሊፕስ ነበረ፣ የዓሊ አብደላ ካይፋም «ካይፋ» ነበረ።

ይህ ሁሉ የተሠራው በስድስትና በሰባት ዓመት ውስጥ ነው። በ1974 መንግሥት ተለወጠ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ቤቶች ተዘጉ። አምኃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ሸክላውም እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ጥቂት ተንገዳግዶ ቀረ፤ በእግሩ ካሴት ተተካ።

እንግዲህ ወደ ሣጥኑ ልመለስ። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ የሚነበበውን ሳስጽፍ ከሃያ በላይ ደርሼ ነበር። አንዱን አንሥቼ ጀርባውን ሳዞር በደቂቅ ፊደል «ዜማ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የታተመውን ስም አነበብሁ። የሟቹ ስም ነው፤ ከነአባታቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት። በኵሩ ሽፋኑን ከእጄ ወስዶ ወደ መስኮቱ ሄደና ለረጅም ጊዜ ቆመ። ዘፈኑን ሁላችን እናውቀዋለን፤ እስከ ዛሬ በየሰርጉ ይዘፈናል፤ የዘፋኙን ስም እንጂ የዜማውን ባለቤት የጠየቀ ግን የለም። ታናሺቱ «አባባ ጫማ ሲቦርሹ ሁልጊዜ ያፏጩት ነበር፤ እኔ የሰው ዘፈን የወደዱ መስሎኝ» አለች።

የሸክላውን ውስጥ ወረቀት ባወጣን ጊዜ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር አገኘን። ሳክስፎን እገሌ፣ ከበሮ እገሌ፣ ፒያኖ እገሌ፣ የተቀረጸበትም ቀን። በሌሎቹም ሸክላዎች ውስጥ እንደዚሁ። አታሚው የተወውን አረጋዊው በለንደኑ ጋዜጣ ሥርዓት አንድ በአንድ ሞልተውታል። ለማን ብለው እንደ ጻፉት አልተናገሩም፤ ልጆቻቸውም ስለ ሣጥኑ ጠይቀዋቸው አያውቁም ነበር።

አንዳንድ አንባቢ ይህ ሁሉ ለስም ክብር ነው፤ ከዚያ አልፎ ምን ይረባል ይል ይሆናል። ይረባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 በ2004 ወጥቷል፤ ኋላም በአዋጅ ቍጥር 872 ተሻሽሏል። በዚህ አዋጅ መሠረት የአንድ ሥራ አመንጪ ጥቅም በሕይወቱ ዘመን፣ ከሞተም በኋላ እስከ 50 ዓመት ድረስ ይጠበቃል፤ ወደ ወራሾቹም ይተላለፋል። ከባንድ ጋር የነፋው ተጫዋች የሚጠበቅለት ዘመን ከዚህ ያጥራል፤ ዜማ ያወጣ ሰው ግን ትናንት ቢሞት ልጆቹ ገና ሃምሳ ዓመት አላቸው። ነገር ግን ሕጉ ለዳኛው «ይህ ዜማ የማን ነው» ብሎ አይነግረውም። ማስረጃ የሚያመጣው ባለጉዳዩ ነው። ሸክላው ራሱ፣ ማለት ጥቁሩ ክብ ነገር፣ በመካከሉ የዘፋኙን ስም ብቻ ይዟል። ሽፋኑ በዚያ በፒያሳው ቀን ተቀድዶ ቢጣል ኖሮ የእነዚህ ሦስት ወራሾች ቃል ባዶ ቃል በሆነ ነበር። ክርክሩ ምን ፍሬ እንደሚሰጣቸው የእኔ መናገር አይደለም፤ የፍርዱ ነገር የዳኛ ነው።

ካሴቱ ሲመጣ ሽፋኑ አነሰ፤ መዳፍ በማትሞላ ካርድ ላይ ፎቶግራፍና የዘፈኖቹ ዝርዝር ከገባ በኋላ ለሌላ ስም ቦታ አይተርፍም። ያም ቢሆን ለገዛ ሰው ነው። በሁለት ጎን ማጫወቻ እየገለበጠ የሚሸጠው ባዶ ካሴት ላይ በእስክሪብቶ የዘፋኙን ስም ብቻ ይጽፍ ነበር። ከዚያም ሲዲው መጣ፤ ከሲዲውም በኋላ ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ልብስ ዕራቁቱን መሄድ ጀመረ። ልጆቻችን አንድ ሺህ ዘፈን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ዜማው የማን ነው ብትሏቸው ስልኩን ያዩታል፤ ስልኩም ዘፋኙን ይነግራቸዋል። የለንደኑን ጋዜጣና የእኛን የሸክላ ሽፋን የገደላቸው አንድ ነገር ነው።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማሳተም ሲጀምር የተደገፈው እንዲህ ባለው ሸክላና ሽፋን፣ በየቤቱም በቀረው ፎቶግራፍ ላይ ነው። ተከታታዩ 30 ያህል ደርሷል፤ በየአንዳንዱም ውስጥ ስምና ዘመን የሚናገር መጽሐፍ አለ። ሥራው የሚመሰገን ነው። የአባቶቻችንን ባንድ ስም ዝርዝር ከፓሪስ ታትሞ ስናነበው ግን ጥቂት ማፈራችን አልቀረም።

ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሣጥን ያላችሁ እመቤቶችና ጌቶች፤ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት። ሸክላን እንደ እንጀራ አንዱን ባንዱ ላይ አትከምሩት፤ ክብደቱ ያጐብጠዋልና እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ደርድሩት። ፀሐይ በሚያገባ መስኮት አጠገብና በምድጃ አቅራቢያ አይቀመጥ። ሽፋኑን ለብቻ፣ ሸክላውን ለብቻ አታድርጉ። የተቀደደውን ሽፋን በሚያጣብቅ ላስቲክ አትጠግኑት፤ ጥቂት ዓመት ቈይቶ ፊደሉን ይዞ ይነሣል። በጣራ ሥር ያለ ቦታ ለአይጥ፣ መሬት ላይ ያለ ቦታ ለእርጥበት ነውና መካከለኛውን ምረጡ። ከሁሉም በላይ አባት ወይም እናት በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ በፎቶግራፉ ላይ ያሉት እነማን እንደ ሆኑ ጠይቁና በጀርባው በእርሳስ ጻፉት። ቀለም በጊዜ ይፈሳል፤ እርሳስ አይፈስም።

ቈጠራው ሁለት ቀን ፈጀብን። የቀድሞውን ተራ ቍጥር 31 ሠርዤ በእርሱ ቦታ ከ31 እስከ 84 የሚደርስ ዝርዝር ጻፍሁ፤ በየአንዳንዱ አንጻር የዘፈኑን ስም፣ የአሳታሚውን ቍጥር፣ በእርሳስ የሰፈረውንም የተጫዋቾች ስም ሁሉ አስገባሁ። ዋጋ በሚለው ዓምድ ሥር ምን እንጻፍ ብዬ ብጠይቅ በኵሩ «ባዶውን ይተዉት ጋሼ» አለኝ። ሦስቱም ፈረሙ። ሣጥኑን ታናሺቱ ወሰደች፤ የአባቷ ስም ያለበትን ሽፋን ግን በኵሩ ለአንድ ሳምንት ልያዘው ብሎ ለመናት፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዲመልስ ቃል አስገብታው ሰጠችው። ለማጫወቻው መርፌ እስከ አሁን አላገኙም።